ተመትቶብኝ እልል የተባለልኝ እሁድ

ስለ ቤዝቦል ምንም የማታውቁ ከሆነ እንኳን ደስ አላችሁ። ይህን ገጠመኝ ለመስማት ከእናንተ የተሻለ ሰው የለም፤ ነገሩ የተፈጠረው ስለ ቤዝቦል ምንም በማያውቁ አርባ ያህል ሰዎች ነውና። ከአርባው ሁለቱ እናትና አባቴ ናቸው።

ለማንኛውም የሚበቃችሁን ያህል ልንገራችሁ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ሊመታት ይሞክራል። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ ወጥቶ ይሄዳል፤ ሦስት መቺዎች ከወጡ ተራው ለሌላው ቡድን ይሆናል። መቺው ኳሷን መትቶ ከሜዳው አጥር ውጭ ከጣላት ግን ሆም ራን ይባላል። ለመቺው ነጥብ ነው፣ ለወርዋሪው ውርደት። ወርዋሪው እኔ ነበርኩ። ይቺን ብቻ ያዙልኝ።

አሜሪካ የገባሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ አባቴ ዲቪ ደርሶት ነው። አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን ውስጥ አንድ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራየን። አባቴ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ መንዳት ጀመረ፣ እናቴ ሳንዲ ስፕሪንግስ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ታማሚ የምትረዳበት ሥራ አገኘች። እሁድ እሁድ ዲኬተር አካባቢ ወዳለው የአማርኛ ቸርች እንሄዳለን። ሕይወታችን ይኸው ነበር።

ግራኝ ሆኜ ነው የተወለድኩት። አባቴ ደግሞ ግራኝነት በጊዜ ከተያዘ የሚድን በሽታ ይመስለው ነበር። በግራዬ እንጀራ ስቆርስ እጄን ቸብ ያደርጋታል፤ በግራዬ ሰው ልጨብጥ ስል "በቀኝህ" ይላል። ተሳክቶለታል ማለት ይቻላል፤ ዛሬም የምበላው በቀኝ ነው፣ የምጽፈውም በቀኝ። መወርወር ላይ ግን ዘንግቶኛል። ሰው ነገር ሲወረውር በየትኛው እጁ ነው ብሎ የሚያይ አባት የት ይገኛል?

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ግራኝ ወርዋሪ እንደ ሐቀኛ መካኒክ ነው የሚፈለገው። ግራኝ መቺዎች ከግራኝ ወርዋሪ የምትመጣ ኳስ አጥርቶ ማየት ይቸግራቸዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ቡድን ለእነሱ ብሎ አንድ ሁለት ግራኝ ያስቀምጣል። በዚህ ምክንያት ሃይስኩል ሳለሁ ተጫዋች ፈላጊዎች አስተዋሉኝ፣ ኮሌጅ ሁለት ዓመት እንደተማርኩ ለአንድ ቡድን ፈረምኩ፣ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ በትናንሾቹ ሊጎች ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ስንከራተት ኖርኩ። አንድ ክፍል ለአራት እየተከራየን፣ ሰው በማይሞላው ሜዳ ላይ እየተጫወትን ማለት ነው።

አባቴ ኳሱን አይጠላውም፤ ሥራ መሆኑን ነው ያላመነው። በደወልኩ ቁጥር "እና መጨረሻው ምንድነው?" ይለኛል። አንድም ቀን መጥቶ ሲያየኝ አላውቅም። ቅዳሜም፣ እሁድም ከቸርች በኋላ፣ ሁሌም ሥራ ላይ ነው፤ ባይሆንም ኖሮ የሚመጣ አይመስለኝም ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ፣ በፋሲካ ሰሞን ቤት መጥቼ ሳለ፣ ቃል አስገባኝ። መስከረም ሲጠባ ትልቁ ሊግ ውስጥ ከሌለሁ ኳሱን ትቼ ትምህርቴን ልቀጥል። ተጨባበጥን፤ በቀኝ፣ እንዴታ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የትንሹ ቡድን አሰልጣኝ ቢሮው አስጠራኝና በሩን ዝጋው አለኝ። በእኛ ሥራ "በሩን ዝጋው" ማለት ብዙውን ጊዜ ሻንጣህን ሸክፍ ማለት ነው። እጄን በእጄ ይዤ ቆምኩ። እሱ ግን ፈገግ ብሎ፣ አትላንታ ያለው ግራኝ ወገቡን ስለታመመ ነገ እዚያ እንደምፈለግ ነገረኝ። ሁለት ጊዜ እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት። ሦስተኛ ጊዜ ልጠይቀው ስል ከቢሮው አስወጣኝ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ስለነበረች አላነሳችም። አባቴ አነሳ። መንገደኛ እየጠበቀ ነበር፤ ከጀርባው የሻንጣ ጎማ ድምፅ ይሰማኛል።

"አባዬ፣ ኮል አፕ አደረጉኝ" አልኩት።

"ምን አደረጉህ?"

"ጠሩኝ። ሜጀር ሊግ። ነገ አትላንታ ነኝ።"

"ነገ እሁድ ነው" አለ።

"አዎ። ጌሙ ከሰዓት አንድ ተኩል ላይ ነው።"

"ናቲ፣ ቸርች አለ። እናትህ ደግሞ መዝሙር አላት።"

"አውቃለሁ። ሁለት ቲኬት በስምህ በር ላይ አስቀምጣለሁ። ከቻላችሁ ኑ፣ ካልቻላችሁም ኢትስ ኦኬ።"

"እስቲ" አለኝና መንገደኛ መጣብኝ ብሎ ዘጋው። አባቴን የማታውቁት "እስቲ" ሲል ተስፋ ታደርጉ ይሆናል። እኔ ግን አውቀዋለሁ። በእሱ አፍ "እስቲ" ማለት አይሆንም ማለት ነው።

እሁድ ጠዋት፣ ጨዋታው ሊጀመር ገና አራት ሰዓት ሲቀረው፣ ስታዲየም ደረስኩ። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ተጫዋች መሆኔን ስላላመነ ሰው እስኪመጣልኝ ፀሐይ ላይ አቆመኝ፤ ደስታዬ ግን በማንም የሚቀየም አልነበረም። መልበሻ ክፍል ስገባ ማሊያዬ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። የአያቴ ስም ወልደሚካኤል ነው፤ ፊደሎቹ ከትከሻ እስከ ትከሻ አልበቃቸው ብሎ ወደ ብብቴ ወርደዋል። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። አልመለሰችም። ጠዋት መዝሙር ልምምድ ሲጀምሩ ስልክ ይዘጋል።

አሰልጣኙ ሱፍ እየቆረጠመ የሚያወራ ሽማግሌ ነበር። አስጠርቶ ብዙ አላስቸገረኝም። የታመመው ልጅ ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ ቦታውን የሚይዝ አንድ ግራኝ እፈልጋለሁ አለኝ። የማየውም አንድ ነገር ብቻ ነው አለኝ፤ ነገር ሲበላሽብህ ትረጋጋለህ ወይስ ትርበተበታለህ። ከተረጋጋህ ትቆያለህ፣ ካልተረጋጋህ ማክሰኞ ሌላ ግራኝ ይመጣል። "ዛሬ ካስፈለግኸኝ አየሃለሁ" ብሎ ወደ ሱፉ ተመለሰ። ማክሰኞ ማለት እንግዲህ ለእኔ ቀነ ቀጠሮ ሆነ። ማክሰኞ ከመለሱኝ መስከረም ላይ ለአባቴ የገባሁት ቃል ይፈጸማል።

ጨዋታው ሲጀመር እኛ ተቀያሪ ወርዋሪዎች ከሜዳው ጥግ ባለው መሟሟቂያ ተቀመጥን። ለቤተሰብ የተሰጡኝ ሁለት ወንበሮች ከተቀመጥኩበት ይታዩኛል፤ ከታች፣ ለሜዳው በጣም ቅርብ ነበሩ። ባዶ ናቸው። ገና ነው፣ ስብከቱ አላለቀም አልኩ ለራሴ። በሦስተኛው ዙር አየሁ፣ ባዶ ናቸው። በአምስተኛው ዙር አየሁ፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ ፈንዲሻውን አባቴ ወንበር ላይ አስቀምጦ ዘና ብሏል። ከዚያ በኋላ ማየት ተውኩ። ዋሸሁ፤ በስድስተኛውም አይቻለሁ።

ተናደድኩ ልበላችሁ? ተናድጃለሁ። በሕይወቴ አንድ ቀን፣ ከቤታቸው የሃያ ደቂቃ መንገድ! ሰው ልጁ ሲዳር ከቸርች አይቀርም ወይ? እያልኩ ከራሴ ጋ ስነታረክ የመሟሟቂያው ስልክ ጮኸ። ያነሳው ሰውዬ ወደ እኔ ጠቆመ። ንዴቴም ወንበሩም ፈንዲሻውም ከጭንቅላቴ ጠፉ። ተነስቼ መወርወር ጀመርኩ። እጄ ቀለለችኝ፣ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ስትገባ የምታሰማው ድምፅ እንኳ ከወትሮው የተለየ ነበር።

የገባሁት በስምንተኛው ዙር ነው። አምስት ለሁለት እየመራን ነው፤ አንድ መቺ ወጥቷል፣ ቀድሞ የመታ አንድ ሯጭ ደግሞ ነጥብ ሊሞላ ሜዳው ላይ ይጠብቃል። በሩ ተከፈተና ሮጥኩ። ከመሟሟቂያው እስከ ሜዳው መሀል ያለችው ርቀት ትንሽ ናት፤ እኔ ግን እግሬ መሬት መንካቱን አላስታውስም። ሠላሳ ሺህ ሰው፣ የከሰዓት ፀሐይ፣ ሙዚቃ፣ የአያቴን ስም እየሰባበረ የሚጠራ ድምፅ ማጉያ። ወደ መወርወሪያዋ የአፈር ጉብታ ወጣሁ። ኳስ ተቀባዩ ከዶሚኒካን የመጣ ሰፊ ሰው ነው፤ ኳሷን አስጨበጠኝና "ተንፍስ" አለኝ። መተንፈስ ማቆሜን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው መቺ ግራኝ ነበር፣ የመጣሁለት ሰው። የመጀመሪያዋን ወረወርኩ፤ ቆሞ አሳለፋት፣ ዳኛው ቆጠረበት። ሁለተኛዋን ወረወርኩ፤ ዱላውን አወናጭፎ ሳተ። ስታዲየሙ ተነሳ። አንድ ብቻ ቀረችኝ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ትመታለች፣ ደስ ይላል፣ በዓለም ላይ ከዚያ በላይ ደስ የሚል ቦታ የለም። እዚያ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ጨረስኩት ብዬ ቸኮልኩ። ሦስተኛዋ ኳስ ወደ ታች መጠምዘዝ ሲገባት ሳትጠመዘዝ፣ እንደ ስጦታ ደረቱ ፊት ሄዳ ቆመችለት።

ድምፁን ስሰማ ዞሬ ማየት አላስፈለገኝም። ግን ዞርኩ። ኳሷ ወጣች፣ ወጣች፣ አጥሩን አለፈች፣ ከኋላው ያለውን መቀመጫም አለፈች። ሯጩም መቺውም ሁለት ነጥብ ይዘው ገቡ። አምስት ለአራት ሆነ። ሠላሳ ሺህ ሰው ባንዴ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። መሬት መሬቱን እያየሁ፣ ማክሰኞ ሻንጣዬን የትኛው አውቶቡስ ላይ እንደምጭን አሰብኩ።

በዚያ ዝምታ መሀል ነው የመጣው።

እልልልልልል።

ከላይ፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣ መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ሁሉም። ያቺን የመጀመሪያዋን ድምፅ ከሺህ መሀል እለያታለሁ፤ እናቴ ናት። ቀና ስል ትልቁ የስታዲየም ስክሪን እነሱን ያሳያል። ነጠላቸውን የደረቡ እናቶች፣ ሱፍ የለበሱ አባቶች፣ የመዘምራን ልብሳቸውን እንኳ ያላወለቁ፣ አርባ የሚሆን የቸርቻችን ሰው እያጨበጨበ ይዘላል። መሀላቸው ደግሞ ለሠርግ ብቻ የሚያወጣትን ቡኒ ሱፍ የለበሰ አንድ ሰው ሁለት እጁን ከጭንቅላቱ በላይ አንስቶ ያጨበጭባል። አባቴ ነው። በሃያ ሰባት ዓመት ዕድሜዬ አባቴ ሲያጨበጭብልኝ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያጨበጨበው ደግሞ በሕይወቴ ከወረወርኳቸው ሁሉ ለከፋችው ኳስ ነው።

የሆነውን ኋላ ሰማሁ። እናቴ ጠዋት ቸርች እንደደረሰች የጸሎት ርዕስ ብላ ታቀርበዋለች። ልጄ ዛሬ ይወረውራልና ጸልዩለት። ፓስተሩ በአገልግሎት ዘመኑ አንድም ቀን ስብከት አሳጥሮ አያውቅም፤ የዛን ቀን ከጸሎቱ በኋላ "መጸለይ ብቻ ሳይሆን መሄድም አለብን" ብሎ በሃያ ደቂቃ ዘጋው። የቸርቹን ቫን የሚነዱት ጋሽ ታደለ በስልካቸው ርካሹን ቲኬት ለሁሉም ቆረጡ። አባቴ የእኔ ሁለት ቲኬቶች በር ላይ እንዳሉ እያወቀ አልወሰዳቸውም። ይህን ሁሉ ሰው ይዘን መጥተን እኛ ለብቻችን ከፊት መቀመጥ ነውር ነው ብሎ፣ እሱም እናቴም ከሰው ጋ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ጋሽ ታደለ ደግሞ በመንገድ ላይ ስለ ጨዋታው ለሁሉም ማብራሪያ ሰጥተዋል። የቤዝቦል ዋናው ነገር ኳሷ አጥሩን ማለፏ ነው፤ ካለፈች ትልቅ ነገር ነው። አልተሳሳቱም እኮ። ለማን ትልቅ እንደሆነ ብቻ ነው ያልነገሯቸው።

እልልታው ትንሽ ደከም አለ፣ ሊያቆም ነው ስል ግን እንደገና ተነሳ፣ ከመጀመሪያው ባሰ። አንዳንዱ ሰው ይስቃል፣ አንዳንዱ ተናዶ ይጮኽባቸዋል፣ እነሱ ማንንም አይሰሙም። ኳስ ተቀባዩ ወደ እኔ መጣ። አፉን በጓንቱ ሸፈነና ይሄ ድምፅ ምንድነው አለኝ።

"የእናቴ ቸርች ነው።"

"ሆም ራን የተመታብን እኛ መሆናችንን ያውቃሉ?"

"አያውቁም" አልኩት። "ኳሷ ሩቅ ስትሄድ ጥሩ ይመስላቸዋል።"

ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔም አልቻልኩም። በሕይወቴ ትልቁ ውርደት ላይ፣ በሠላሳ ሺህ ሰው ፊት፣ ሁለታችን በጓንት ተሸፍነን እንስቃለን። ኳሷን እጄ ላይ አስቀመጠና "በል፣ ከእንግዲህ አታስደስታቸው" ብሎኝ ሄደ።

አሰልጣኙ እጁን አጣጥፎ ከደረጃው ላይ ያየኛል። ሊያስወጣኝ ቢፈልግም አይችልም፤ የገባ ወርዋሪ ቢያንስ ሦስት መቺ ሳይገጥም፣ ወይም ዙሩ ሳያልቅ፣ አይቀየርም የሚል ሕግ አለ። ሁለት ሰዎች ቀርተውኛል ማለት ነው። የሚገርመው፣ ከዚያ ሳቅ በኋላ እጄ የራሴ እጅ ሆነች። ትንፋሼ ተመለሰ። ምን ሊመጣብኝ ነው? የከፋው ነገር ሆኗል፣ እልልም ተብሎበታል።

ሁለተኛውን መቺ በአራት ኳስ ሸኘሁት። ስታዲየሙ ጮኸ። ቀና ብዬ ብመለከት የእኛ ሰዎች ጭጭ ብለዋል። ኳሷ የትም አልሄደችማ! ምን የሚያስጨበጭብ ነገር አለ? ጋሽ ታደለ አንገታቸውን አስግገው ኳሷን ሰማይ ላይ ይፈልጋሉ።

ሦስተኛው መቺ በቀኝ የሚመታ፣ ግዙፍ፣ ግራኝ ወርዋሪ የማይፈራ ሰው ነበር። ሁለት ጊዜ አሳትኩት። ከዚያ ሦስት ኳስ ከመስመር ውጭ ወጣችብኝ፤ አንድ ከደገምኩ በነጻ ይሄዳል። ወረወርኩ፣ ጨርፎ ወደ ጎን ሰደዳት፣ አልተቆጠረችም። ወረወርኩ፣ እንደገና ጨረፋት። ሦስተኛዋንም ጨረፋት፤ እሷን ስወረውር ክርኔ ውስጥ አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ። ችላ አልኩት፤ በዚያ ሰዓት እጄ ተቆርጣ ብትወድቅ በሌላው አንስቼ እወረውራት ነበር። ተቀባዩ ያቺኑ ቅድም ያበላሸኋትን፣ የምትጠመዘዘዋን ኳስ ጠየቀኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፣ እሺ። በትክክል ደረቱ ጋ እስክትደርስ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ዱላው ሲመጣላት ጉልበቱ ሥር ወረደች። አየር መታ። ዙሩ አለቀ።

ምን እንደጮህኩ አላውቅም፤ በቪዲዮ ሳየው አማርኛ ይመስላል። ስታዲየሙ ተናወጠ። የእኛ ሰዎችም ዙሪያቸውን አይተው፣ ነገሩ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም ብለው መሰለኝ፣ ዘግይተው ተነሱ። በአሰልጣኙ በኩል ሳልፍ ፊቱን እንኳ ሳያዞር "ማክሰኞ እንገናኝ" አለኝ። ቆይተሃል ማለቱ ነው። አምስት ለአራት አሸነፍን።

ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ቸርቹ በሙሉ ከቫኑ አጠገብ ጠበቀኝ። እናቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች። ጋሽ ታደለ እጄን ይዘው "ያቺ ከአጥር የወጣችው! የት እንደወደቀች እንኳ አላየሁም እኮ። እግዚአብሔር ኃይል ሰጥቶሃል" አሉኝ። ሁሉም ያወራው ስለዚያች ኳስ ብቻ ነው። አባቴን አየሁት። ሻንጣዬን ከትከሻዬ አውርዶ ራሱ ያዘው፣ በልተሃል ወይ አለኝ፣ ሰዓቱን አይቶ ሥራ ሊረፍድበት መሆኑን ተናገረ። ዓይኑ ግን ቀልቷል። እኔም ምን ብዬ ላርማቸው? "አመሰግናለሁ ጋሽ ታደለ" ብዬ ዝም አልኩ። አባቴ አንድ ቀን ኮርቶብኛል፤ በምን እንደኮራ ብነግረው ኩራቱን የምቀማው መሰለኝ።

የሜጀር ሊግ ዘመኔ አሥራ አንድ ቀን ነው። አራት ጨዋታ። በአራተኛው ላይ ያ ክርኔ ውስጥ የቆነጠጠኝ ነገር ተበጠሰ፤ ጅማት ነው። ቀዶ ጥገና አደረግኩ፣ አንድ ዓመት ጠበቅሁ፣ ስመለስ ኳሷ የድሮዋ ኳስ አልሆነችም፣ እንደገና ታመመ፣ ሐኪሙም በቃ አለኝ። ክላርክስተን ወዳለው የወላጆቼ ቤት ተመለስኩ። ቸርች መሄድ አቆምኩ። ሰው ሁሉ ስለዚያች ከአጥር ስለወጣች ኳስ ሊያወራኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ውሸቷን መሸከም አቃተኝ። በሐሰት የተጨበጨበለት ሰው እንደሆንኩ ይሰማኝ ነበር። ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ጠዋት እናቴ ለሥራ ለብሳ ክፍሌ ገባችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለምን ከሰው እንደምሸሽ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ያቺ ኳስ እኮ ጥፋት ነበረች፣ እናንተ ሳታውቁ ነው እልል ያላችሁት አልኳት።

"መጀመሪያ ሳናውቅ ነው" አለችኝ።

"መጀመሪያ ማለት?"

ነገረችኝ። እልልታው እንደተነሳ ከፊታቸው የተቀመጠች አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ዞራ አባቴን፣ ይቅርታ ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ለልጅህ መጥፎ ነው፣ ተሸንፎ ነው አለችው። አባቴ ማጨብጨቡን አቆመ። እናቴም አቆመች፤ የሴትዮዋን ቃል ያልሰማው ሌላው ሰውም እነሱን አይቶ ቀስ በቀስ ተወው። አባቴ ወደ ሜዳው ተመለከተ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ መሬት አያለሁ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረና እጁን መልሶ አነሳ።

"ምን እንዳለን ታውቃለህ?" አለች እናቴ። "'እንዳትቀመጡ፤ ልጁ ቀና ሲል ተቀምጠን እንዳያገኘን።'"

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ፣ ምናልባት እናንተም አንድ ቀን በብዙ ሰው ፊት የተሳሳታችሁ አላችሁ። ማን ቆሞላችሁ እንደነበር አጣርታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጭብጨባ ላማረ ሥራ የሚሰጥ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለዚህ ነው የእኔን እንደሰረቅኩት ዕቃ የደበቅኩት። ከዚያን ጠዋት በኋላ ተነሳሁ። ቀጣዩ እሁድ ቸርች ሄድኩ፣ ጋሽ ታደለ ስለ ኳሷ ሲያወሩኝ ሳቅሁ፣ ቀጥሎም ትምህርት ተመዘገብኩ። አሁን ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ ከቀዶ ጥገና የተነሱ ሰዎች ክንዳቸውን እንደገና እንዲያንቀሳቅሱ የሚረዳ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ብርጭቆ ሲያነሱ ከእጃቸው ሲያመልጣቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። እኔ ቀና እስኪሉ ፊታቸው ቆሜ እጠብቃለሁ።

ከአባቴ ጋ ስለዚያ ቀን ያወራነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ትምህርት ልመዘገብ ዲኬተር ሲያደርሰኝ፣ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ ፈራ ተባ እያልኩ ጀመርኩ።

"አባዬ፣ ያቺ ኳስ መጥፎ ነበረች።"

መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን መንገዱን እያየ ቆየ። ማርሽ አስገባና መኪናውን አንቀሳቀሰ።

"ሩቅ ግን ሄዳለች" አለኝ።